ከላይ ያማረ ፀጉር አያታልላችሁ፦ የኬይስሆንድ አያያዝ

ኬይስሆንድ ልትይዙ ያሰባችሁ ወይ ደሞ ይዛችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ እስኪ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ አብዛኛውን ተሳስቼ ነው የተማርኩት። ለማያውቀው፣ ያ ፀጉሩ ግራጫና ጥቁር ሆኖ እንደተባዘተ ጥጥ የተነፋ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ አይኑ ዙሪያ መነፅር ያደረገ የሚመስለው መካከለኛ ውሻ ነው፣ ስፒትዝ ከሚባሉት ወገን። ቁመቱ እስከ ትከሻው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከ16 እስከ 20 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ግን ፀጉሩ ስለሚያገዝፈው ያየው ሁሉ 30 ይሞላል ይላል። ውሃ ሲነካው ግማሹ ውሻ ይጠፋል፣ መጀመሪያ ያጠብኩት ቀን ደንግጬ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ፀጉሩ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ፀጉሩ ሁለት ድርብ ነው፣ የላይኛው ረጅም፣ ቀጥ ያለና ጠንከር ያለ፣ የታችኛው ደሞ አጭር፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። እኔ ውሻዬን ቡቺን በየቀኑ ከላይ ከላይ ነበር የማበጥረው፣ ያበራል፣ ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል፣ እኔም ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከጆሮው ኋላ ሳከው ጣቴ አላልፍ አለ። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርገው እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ነገር ቆዳው ላይ ተጣብቋል፣ ስሩ እርጥብ፣ ቀይ፣ ሽታም አለው። ሐኪሙ በማሽን ላጭቶ ነው ያነሳለት፣ ከዛ በኋላ አንድ ጎኑ የተበላ መስሎ ለወራት ዞረ።

እና እንዲህ አድርጉ። ጎኑ ላይ አስተኙት፣ ፀጉሩን በትንሹ ውሃ እፍ እፍ አድርጉበት (ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ይሰበራል)፣ በግራ እጃችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ ያዙና ልትጎነጉኑ እንደምትከፍሉት ክፈሉት፣ የቆዳው መስመር መታየት አለበት፣ ካልታየ ገና ከላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዛ ረጃጅም የሽቦ ጥርስ ባለው ብሩሽ ከቆዳው ጀምራችሁ ወደ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያወረዳችሁ አበጥሩ፣ ቀጥሎ ከፍ ብላችሁ ሌላ መስመር ክፈሉ፣ እንደዛ እያላችሁ ሙሉ ገላውን። ስትጨርሱ የብረት ማበጠሪያ ውሰዱና ከቆዳ እስከ ጫፍ ሳቡት፣ ሳይዝ ካለፈ ጨርሳችኋል፣ ከያዘ አልጨረሳችሁም፣ ክርክር የለውም። ከጆሮ ኋላ፣ ብብቱ፣ የአንገት ማሰሪያው ስር፣ እና የኋላ እግሩ ላይ ያለው ሱሪ የመሰለው ፀጉር ሁሌ ቀድመው ይቋጠራሉ። ሱሪውን በተለይ እዩት፣ ሆዱ ከላላ በኋላ ምን እንደሚጣበቅበት አልነግራችሁም።

በደህናው ጊዜ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ግን የታችኛውን ፀጉር ያራግፋል፣ ያኔ በየቀኑ ነው ስራው፣ በእፍኝ በእፍኝ ይወጣል፣ ከአንዱ ውሻ ሌላ ውሻ ትሰራላችሁ፣ ሻይ ውስጥም ፀጉር አለ። ቡችላው ደሞ የልጅነት ፀጉሩን በአዋቂው ሲቀይር ቶሎ ቶሎ ስለሚቋጠር ከትንሽነቱ ብሩሽ አስለምዱት፣ በቀን ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ምግብ ጋር፣ መዳፉን፣ ጆሮውን፣ አፉን እየነካካችሁ። 18 ኪሎ ሆኖ አልበጠርም ካለ ትግል ነው።

ሞቀው ብላችሁ እንዳትላጩት! በጣም ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የላይኛው ፀጉር ፀሐይ ቆዳውን እንዳታገኘው ይከላከላል፣ ከተላጨ በኋላ የታችኛው ቀድሞ ስለሚያድግ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ድሮው አይመለስም። በመዳፉ ጣቶች መሃል ያለውን ብቻ ከረከም አድርጉ፣ ለስላሳ ወለል ላይ እንዳያንሸራትተው።

ገላውን ከማጠባችሁ በፊት አበጥሩት፣ ውሃ ከነካው ቋጠሮው ይጠብቃል። ሻምፖው ካልተለቀለቀ ያሳክከዋል፣ ለቅልቃችሁ የጨረሳችሁ ሲመስላችሁ አንዴ ድገሙ። ማድረቁ ነው ረጅሙ፣ ከላይ ደርቆ ከስር ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ያ ነው ቆዳውን የሚያቆስለው፣ ስለዚህ ፀጉር ማድረቂያውን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ በጣታችሁ እየገለጣችሁ እስከ ቆዳው።

ሙቀት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሻ እንደኛ በገላው አያልብም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ይሄኛው ደሞ ካፖርት ለብሶ ነው የሚኖረው። ሽርሽሩን ጠዋትና ማታ አድርጉት፣ የቆመ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም አትተዉት። ማለክለኩን ማቆም ካቃተው፣ ልሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ በጣም ከቀላ ወይ ከተንገዳገደ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ንፋስ አግኙለትና ወደ ሐኪም።

ፀባዩን ለመረዳት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ሆላንድ ውስጥ የጭነት ጀልባ ላይ ከባለቤቱ ቤተሰብ ጋር የሚኖር ውሻ ነበር፣ ኬይስ ማለት ኮርኔሊስ የሚለው ስም ቁልምጫ ነው፣ ሆንድ ደሞ ውሻ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከኦራንየ ቤት (አገሩን ይመራ ከነበረው የልዑል ቤተሰብ) ጋር የተጣሉት አርበኞች ምልክታቸው አድርገውት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1787 ሲሸነፉ ግን ምልክቱን ቤቱ ማቆየት የፈራ ሰው ብዙ ነበር፣ ጀልባ ላይና ገጠር ያለው ነው ዘሩን ያቆየው። እና ጠባብ ጀልባ ላይ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ የኖረን ዘር ግቢ ውስጥ ብቻውን አስራችሁ ደስ ይለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ቡቺ ሽንት ቤት ድረስ ይከተለኛል፣ በር ከዘጋሁበት በበሩ ስር አፍንጫውን ያስገባል። ብቻውን መሆንን ቀስ ብላችሁ አስለምዱት፣ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከዛ አምስት፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት፣ ስትወጡም ስትገቡም ሰላምታ ሳታበዙ።

ይጮሃል፣ አዎ። ነክሶ የሚያባርር ጠባቂ አይደለም፣ ሰው መጣ ብሎ የሚናገር ነው፣ ሌባውንም ጭራ እየቆላ ሊቀበለው ይችላል። እናንተም ስትጮሁበት ይብስበታል። ሁለት ሶስቴ ሲጮህ ጠርታችሁት፣ ዝም ባለባት ቅፅበት ምግብ ስጡት፣ ሲደጋገም ይገባዋል፣ ፈጣን ነው። ቁጣ ግን ልቡን ይሰብረዋል፣ ለቀናት ያኮርፋል።

ምግብ ላይ ፀጉሩ እንደገና ያታልላችኋል። ቡቺ ሶስት ኪሎ ጨምሮ በአይን ምንም አላየሁም። በእጃችሁ ነው ማወቅ ያለባችሁ፣ ጣታችሁን ፀጉሩ ውስጥ አስገብታችሁ ጎኑን ዳብሱ፣ የጎን አጥንቱ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ካልተገኘ ምግቡን ቀንሱ። በግምት አትስጡ፣ ስፈሩ። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት በፍፁም። ጥርሱን መቦረሽ፣ ጥፍሩን መቁረጥ ያው እንደማንኛውም ውሻ ነው።

ከበሽታ በዚህ ዘር ላይ ማወቅ ያለባችሁ ፓራታይሮይድ የሚባለው እጢ ከመጠን በላይ የሚሰራበትን ነው፣ በዘር ይተላለፋል፣ ከአንደኛው ወላጅ ብቻ ቢወርሰውም ይበቃዋል፣ የሚታየው ግን ውሻው በዕድሜ ከገፋ በኋላ ነው። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ውሃ ማብዛት፣ ሽንት ማብዛት፣ ድካም፣ የፊኛ ጠጠር ያመጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፣ ስለዚህ እድሜው ሲገፋ ካልሲየሙን በደም ምርመራ አሳዩለት። ከዛም በላይ ግን የጄኔቲክ ምርመራ አለው፣ ቡችላ ስትገዙ የእናቱንም የአባቱንም የምርመራ ወረቀት፣ የዳሌያቸውንም ጭምር፣ ጠይቁ። ወረቀቱን አሳየኝ ስትሉት የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡችላው የፈለገ ቢያምር ሌላ ጋ ሂዱ።