ቦሎኛ የገባ ተማሪ የመጀመሪያ ቀኑን እንዴት ይዋል?

ለትምህርት ጣሊያን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ሮምና ስለ ቬኒስ ነው። ለተማሪ ግን ቦሎኛ ከሁለቱም ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። ዩኒቨርሲቲዋ በ1088 እንደተመሠረተ ይቆጠራል። በአውሮፓ ካሉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከተማዋም ከዚያ ወዲህ ያደገችው ከሩቅ የመጣ ተማሪ እያስጠለለች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን እንደ ቱሪስት ፎቶ ለማንሳት አትሩጡ። ከታች ያለው መንገድ ከእናንተ በፊት የመጡ ተማሪዎችን አሻራ የሚከተል ነው። ሁሉም በእግር ይደረሳል፤ አንድ ቀን ይበቃዋል። (ዓመቶቹም ሰዓቱም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ለመውጣት ተዘጋጁ

ምቹ ጫማ አድርጉ። የውሃ ጠርሙስ ያዙ፤ የቧንቧው ውሃ ይጠጣል። ቤተ ክርስቲያን ስለምትገቡ ትከሻን የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ። ቀኑ እሁድ ባይሆን ይመረጣል፤ ብዙ ነገር ይዘጋል። ዣንጥላ ግን አያስፈልግም። ምክንያቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

2. ከባቡር ጣቢያው ጀምሩ

ከአየር ማረፊያው የሚመጣው ማርኮኒ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር የሚያወርደው እዚሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በጣቢያው ፊት ያለውን ሰዓት ፈልጉ። 10:25 ላይ ቆሟል። ኦገስት 2 ቀን 1980 ልክ በዚያ ደቂቃ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰዎች ሞቱ። የአክራሪ ፋሽስት ቡድን አባላት በድርጊቱ ተፈርዶባቸዋል። የሟቾቹ ስም ክፍሉ ውስጥ ተጽፏል። ገብታችሁ አንብቡ። በዚህ ጣቢያ ገና ብዙ ጊዜ ትመላለሳላችሁ፤ የከተማዋን ሰው ሐዘን ሳያውቁ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

3. በፖርቲኮው ስር ወደ መሃል ከተማ ሂዱ

ከጣቢያው አጠገብ ቪያ ኢንዲፔንደንዛ የሚባለው መንገድ ይነሳል። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ዋናው አደባባይ ፒያሳ ማጆሬ ላይ ያደርሳችኋል። ከሞላ ጎደል መንገዱን በሙሉ የምትሄዱት በጣሪያ ስር ነው። ዓምድና ቅስት ያለው ይህ የተሸፈነ የእግረኛ መንገድ ፖርቲኮ ይባላል። በከተማዋ ያለው ሁሉ ሲደመር 62 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዩኔስኮም በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ታሪኩ ከተማሪ ጋር ይገናኛል። በመካከለኛው ዘመን ተማሪውም የእጅ ባለሙያውም ወደ ቦሎኛ ሲጎርፍ ማደሪያ ጠፋ። ባለቤቶች ፎቁን ወደ መንገዱ አስረዝመው ክፍል ጨመሩ። የተንጠለጠለው ክፍል እንዳይወድቅ ከስሩ ምሰሶ አቆሙለት። ከተማው ይህን በመከልከል ፈንታ ሕግ አደረገው። በ1288 አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ፖርቲኮ እንዲያወጣ ታዘዘ። ቁመቱ ፈረስ የተቀመጠ ሰው የሚያሳልፍ መሆን ነበረበት። ቤቱ የግል ነው፤ ከስሩ ማለፍ ግን የሁሉም መብት ነው። ከድንጋይ በፊት የነበረውን የእንጨት ምሰሶ ማየት ከፈለጋችሁ ስትራዳ ማጆሬ ላይ ካዛ ኢዞላኒ የሚባለው ቤት አለ። ምሰሶዎቹ እንደ ረጅም ዛፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

4. ፒያሳ ማጆሬ ላይ አትቸኩሉ

መግቢያው ላይ የኔፕቱን ፏፏቴ ይቀበላችኋል። ከሱ አለፍ ብሎ የሳን ፔትሮኒዮ ባዚሊካ፣ ማለትም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግንባታው በ1390 ተጀምሮ ፊቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። የታችኛው ክፍል እብነ በረድ፣ የላይኛው ባዶ ጡብ ነው። ውስጥ ወለሉ ላይ ከ66 ሜትር የሚበልጥ ቀጭን መስመር ተዘርግቷል። ካሲኒ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅና የዩኒቨርሲቲው መምህር በ1655 የሠራው ነው። ጣሪያው ላይ ካለች ቀዳዳ የምትገባው የፀሐይ ብርሃን እኩለ ቀን ላይ መስመሩን ትነካለች። የምትነካበት ቦታ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ የዓመቱን ቀን ያሳያል።

ጓደኛ ካላችሁ ከባዚሊካው ትይዩ ባለው ፓላትዞ ዴል ፖዴስታ በሚባለው ሕንፃ ስር ያለውን ቅስት ሞክሩ። ሁለታችሁም በተቃራኒ ማዕዘን ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ ቁሙ። በሹክሹክታ የተናገራችሁት በጣሪያው ጥምዝ በኩል ለሌላው ጥርት ብሎ ይሰማዋል።

ከዚያ ሳላቦርሳ ግቡ። ከኔፕቱን አጠገብ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። የመስታወት ወለሉ ከስሩ ያለውን የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ያሳያል። ለተማሪ ግን ዋናው ነገር ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ጸጥታው ነው። ክረምቱን እዚያ ማጥናት ትችላላችሁ። ውጭ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶዎች ፋሽዝምንና ናዚን ሲታገሉ የወደቁ የቦሎኛ አርበኞች ናቸው። የፋሽስትን ወረራ ለቀመሰ አገር ልጅ ይህ ግድግዳ ቅርብ ነው።

5. አርኪጂናዚዮ፦ የቀኑ ዋና ቦታ

አርኪጂናዚዮ የዩኒቨርሲቲው የድሮ ሕንፃ ነው፤ ከባዚሊካው ጎን ታገኙታላችሁ። በ1563 ተከፍቶ ተበታትነው የነበሩትን ትምህርቶች በአንድ ጣሪያ ስር ሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ስትገቡ ቀና በሉ። ግድግዳውና ጣሪያው በሺህ በሚቆጠሩ ባለቀለም የቤተሰብ አርማዎች ተሸፍኗል። አብዛኞቹ የተማሪዎች ናቸው። ከስማቸው ጋር የመጡበት አገርም ተጽፏል። የንጉሥና የጳጳስ ስም በሚቀረጽበት ዘመን ተማሪ ስሙን እዚህ አስቀርቷል።

እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ነበር። ሕግ ሊማሩ ከሌላ አገር የመጡት ተማሪዎች ተደራጅተው መምህር ይቀጥሩ፣ ደሞዙንም ይከፍሉ ነበር። ያረፈደ ወይም የቀረ መምህር ይቀጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳም ለትምህርት የሚጓዝን ሰው የሚጠብቅ ድንጋጌ አውጥቶላቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ላይ ባዕድነት የሚሰማው ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት። ተቋሙን ያቆሙት እንደሱ ከሩቅ የመጡ ናቸው።

ፎቅ ላይ በ1637 የተጀመረው የአናቶሚ አዳራሽ አለ። ለመግባት ትንሽ ይከፈላል፤ ክፈሉ። ከእንጨት የተሠራ ነው። መሃሉ ላይ አስከሬን ይመረመርበት የነበረው የእብነ በረድ ጠረጴዛ አለ፤ ዙሪያው የተማሪዎቹ መቀመጫ ነው። በጥር 1944 በአውሮፕላን ቦምብ ፈርሶ ነበር። ከፍርስራሹ የተለቀሙት እንጨቶች ገብተውበት እንደገና ተሠርቷል።

6. ምሳ፦ የምትበሉትን እወቁ

በአርኪጂናዚዮ ጀርባ ያሉት ጠባብ መንገዶች ኳድሪላቴሮ የሚባለው የድሮ ገበያ ናቸው። የቦሎኛ ምግብ ዝነኛ ነው። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞርታዴላው አሳማ ነው። የቶርቴሊኒ ውስጡም አሳማ አለበት። በላም ሥጋ የሚታሰበው ራጉም ብዙ ጊዜ አሳማ ይቀላቀልበታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ቂጣ የሚመስለውን ፒያዲና ነው። ሊጡ በብዛት ስትሩቶ፣ ማለትም የአሳማ ሞራ ይገባበታል። «ሴንሳ ስትሩቶ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለ ሞራ ማለት ነው። በዘይት የሚሠሩም አሉ። ለሚጾም ፒዛ ማሪናራ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፣ አይብ የለበትም።

ማኪያቶ ሲያምራችሁ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ብዙ ቦታ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል።

7. ከሁለቱ ማማዎች ወደ ቪያ ዛምቦኒ

ረጅሙ አሲኔሊ 97 ሜትር ነው። በጣም ያዘነበለው አጭሩ ጋሪዜንዳ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጋሪዜንዳ ለደህንነት ታጥሮ እየተጠገነ ስለሆነ አሲኔሊ ላይ መውጣት ቆሟል። ቢከፈትም የከተማው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አይወጡም፤ የወጣ አይመረቅም የሚል የቆየ እምነት አለ። መንገድ ሲጠፋባችሁ ማማዎቹን ፈልጉ፤ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ከነሱ ስር ነው የሚነሱት።

አንደኛው ቪያ ዛምቦኒ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1803 ከአርኪጂናዚዮ ወጥቶ ወደዚህ ተዛወረ። ፒያሳ ቬርዲን አልፋችሁ ፓላትዞ ፖጂ የተባለው ሕንፃ ትደርሳላችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት በሰም የተሠሩ የሰውነት ክፍሎች አሉ። እዚህ ስትቆሙ ላውራ ባሲን አስቡ። በ1732 ዶክትሬቷን ተቀብላ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች፣ ፊዚክስን የሕይወቷ ሥራ ያደረገች ሴት ናት። በኛም ዘመን በ2019 ዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ለነበሩ ተማሪዎች የትምህርት በር ከፍቷል።

የክፍላችሁን ሕንፃ ዛሬውኑ ፈልጉ። በሩን፣ ፎቁን፣ የአዳራሹን ቁጥር አረጋግጡ። ትምህርት በሚጀመርበት ጠዋት ሌላው ሲዋከብ እናንተ ተረጋግታችሁ ትገባላችሁ።

8. ማታ ወረቀታችሁን አዘጋጁ

ኮረብታው ላይ ያለውን የሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን ለዛሬ ተዉት። 666 ቅስት ያለው ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ዳገት ስለሆነ ለደከመ እግር አይሆንም።

ቤት ስትገቡ ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚያስፈልገውን ሰብስቡ፦ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ የጤና ዋስትና፣ የገንዘብ ማስረጃ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በገባ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ማመልከት አለበት። ቅጹ የሚገኘውም የሚገባውም ፖስታ ቤት ነው። የቴምብር ቀረጡን ታባካይ ከሚባለው የሲጋራ ሱቅ ግዙ። ፖስታ ቤቱ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ደግሞ አትጣሉት። ካርዱ ለመውጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ማስረጃችሁ እሱ ነው።