የአፖሎን የጨረቃ መኪና እንዴት ይዘረጋሉ፣ እንዴትስ ይነዳሉ?

እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 የአፖሎ 15፣ 16 እና 17 ጠፈርተኞች የነዱት መኪና በምድር ሲመዘን 210 ኪሎ ግራም ነው፤ እስከ 490 ኪሎ ግራም ይጭናል። አነዳዱን በሲሙሌተር ወይም በሞዴል መድገም ለሚፈልግ ሰው ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

መኪናው ታጥፎ ጨረቃ ላይ ከሚያርፈው የጠፈር መንኮራኩር ጎን ታስሮ ይመጣል። አንዱ ጠፈርተኛ መሰላሉ ላይ ሆኖ የመልቀቂያውን እጀታ ይስባል፤ ሌላው መሬት ላይ ቆሞ ማውረጃውን ገመድ ቀስ እያለ ይለቃል። መጀመሪያ የኋላዎቹ ጎማዎች፣ ቀጥሎ የፊተኞቹ ይዘረጋሉ። የማጠፊያዎቹ ካስማዎች በትክክል መግባታቸውን ሳያዩ አይሳፈሩ። ጎማዎቹ ላስቲክ የላቸውም፤ ከብረት ሽቦ የተሸመኑ ሲሆኑ መሬት የሚነካው ግማሹ ክፍል በቲታኒየም ተሸፍኗል።

መሪም ፔዳልም የለም። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለውን መቆጣጠሪያ ወደ ፊት ሲገፉት ይሄዳል፣ ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ፍሬን ይይዛል። የፊትም የኋላም ጎማዎች ስለሚታጠፉ በ3 ሜትር ሬዲየስ ይዞራል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይበቃል፤ የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች የመጀመሪያውን ቀን በኋላው ብቻ ነድተዋል።

የስበት ኃይሉ የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ በፍጥነት ከታጠፉ ደግሞ ኋላው ይንሸራተታል። ፀሐይን በቀጥታ ከጀርባ አድርገው አይንዱ። ጥላ ሁሉ ከየዕቃው ጀርባ ስለሚደበቅ ጉድጓዱ የሚታየው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ነው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተጠማዘዙ መሄድ ይሻላል።

ጨረቃ እንደ ምድር ኮምፓስ የሚመራ መግነጢሳዊ መስክ የላትም። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ጋይሮስኮፑን (አቅጣጫ ጠብቆ የሚያሳየውን መሣሪያ) በፀሐይ ጥላ ያስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ከጎማዎቹ ዙር ጋር ተዳምሮ ወደ መንኮራኩሩ መመለሻውን አቅጣጫና ርቀት ያሳያል። መጀመሪያ ወደ ሩቁ ቦታ ይሂዱ፣ ከዚያ እየቀረቡ ይሥሩ፤ መኪናው ቢቆም በቀረው ኦክስጅን በእግር መመለስ መቻል አለበት። አፖሎ 17 እስከ 7.6 ኪሎ ሜትር ርቋል።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው አቧራ ነው። በአፖሎ 17 አንድ የኋላ ጭቃ መከላከያ በመዶሻ ተመቶ ተሰበረ፤ በማጣበቂያ ቴፕ ቢጠግኑትም አቧራ የነካው ገጽ ስላልያዘ ወለቀ። በማግስቱ አራት ካርታዎችን አንድ ላይ አጣብቀው በመቆንጠጫ አሰሯቸው፤ ይህኛው ሠራ። ጉዳዩ የልብስ ንጽሕና ብቻ አይደለም፦ ጥቁሩ አቧራ የፀሐይን ሙቀት ይመጥጣል፣ ሙቀት ወደ ጠፈር እየለቀቁ ባትሪዎቹን የሚያቀዘቅዙትን መስታወቶችም ያደበዝዛል። ሁለቱ ባለ 36 ቮልት የብር-ዚንክ ባትሪዎች ዳግም አይሞሉም፤ ከመጠን በላይ ከጋሉ ምትክ የለም። በየማቆሚያው በብሩሽ ይጥረጉ፤ የመስታወቶቹን ክዳን የዕለቱ ጉዞ ሲያልቅ ከፍተው ይተዉት።

ሲቆሙ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን አንቴና ወደ ምድር ያነጣጥሩ፤ አለዚያ የቴሌቪዥን ምስል አይደርስም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያቆሙት ከመንኮራኩሩ በስተ ምሥራቅ 150 ሜትር ገደማ ያርቁት፤ ካሜራው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ የመንኮራኩሩን መነሣት እንዲቀርጽ። ካሜራው ወደ ላይ እንዲዞር የሚያደርገውን ትዕዛዝ ሂውስተን (ምድር ላይ ያለችው የበረራ መቆጣጠሪያ) አስቀድማ መላክ አለባት፤ የሬዲዮ ምልክቱ ጨረቃ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳልና።