የቤት ፕላስቲክ ፑሌጃ ለኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ፦ ቺንጋውን ከማጥበቅህ በፊት ይሄን እይ

ባትሪው ቻርጅ አለው ወይ፣ ሪሞቱ ተገናኝቷል ወይ የሚለውን አልጽፍም፣ እሱን አይተህ ነው የመጣኸው ብዬ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ፣ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያቀለጠች ሌየር በሌየር ደርባ እቃ የምትሰራ ማሽን) አለችኝ፣ የቤት ፑሌጃ የምለው በእንደሷ ዓይነት የተሰራውን ነው፣ መጀመሪያ ለራሴ ነበር ቦርድ የሰራሁት ከዛ ለአክስቴ ልጅ ከዛ ለጓደኞቹ ከዛ ለጓደኞቹ ጓደኞች፣ አሁን ቅዳሜ ጠዋት በር ሲንኳኳ ቦርድ ታቅፎ የቆመ ልጅ ነው፣ "ጋሼ ቺንጋው እየዘለለ አስቸገረኝ" ይላል። ጋሼ የሚለው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ገና 34 ዓመቴ ነው።

የማወራው በቺንጋ ስለሚሰራው ነው፣ ጥርሱ በየ5 ሚሊሜትሩ የሆነ ቺንጋ፣ ሞተሩ ላይ 16 ጥርስ ጎማው ላይ 36 ጥርስ። ቺንጋ ማለት ቤልቱ ነው፣ ፑሌጃ ቺንጋው የሚዞርበት ባለ ጥርሱ ነገር፣ ኩሽኔታ ቤሪንግ። ያደግኩት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ ሌላ ስም አይመጣልኝም።

ፍሬን ስትይዝ ቺንጋው ጠርርር ብሎ ይዘላል

ይሄ ነው እንግዲህ። የሚመጣልኝ ቦርድ አብዛኛው ይሄ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ቺንጋውን ያጠብቃል። ሁለት ቀን ይሰራል፣ ደግሞ ይዘላል፣ ደግሞ ያጠብቃል፣ በመጨረሻ ቺንጋው እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ሲነኩት ይጮሃል፣ የሞተሩ ኩሽኔታ ማልቀስ ይጀምራል፣ ባትሪው ድሮ ከሚያደርስህ ሰፈር ግማሽ መንገድ ላይ ይጥልሃል፣ ቺንጋው ግን አሁንም ይዘላል። ከዛ "ፕላስቲክ አይሆንም፣ ጥርሱ ተበልቷል" ተብሎ ይፈረዳል። ፈትቼ ሳየው ጥርሱ ትናንት ከፕሪንተር የወጣ ነው የሚመስለው።

የሚሞተው ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ነው።

አንዴ ሂሳቡን እንስራው። 190 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 190 ዙር የሚዞር) ሞተር 60 አምፔር ስትሰጠው 3 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያወጣል። 16 ጥርሷ ፑሌጃ ከመሃሏ እስከ ቺንጋው 12.7 ሚሊሜትር ናት፣ ስታካፍለው ቺንጋው ላይ 240 ኒውተን አካባቢ ይመጣል፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ ተንጠልጥሎበታል በለው። ይሄን ክብደት ጎማው ላይ ያለው ትልቁ ፑሌጃ 19 በሚሆን ጥርስ ይካፈለዋል፣ ለአንዱ ጥርስ ኪሎ ከምናምን ነው የሚደርሰው፣ ፔትጂ ለሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ ይሄ ቀልድ ነው። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ግን ቺንጋውን የያዘችው በ7 ጥርስ ነው፣ ስለዚህ ሲዘል የሚዘለው እሷ ጋ ነው፣ ሰውም እሷን ያያል፣ ጥፋተኛው ግን ማዶ ነው ያለው።

ትልቁ ፑሌጃ ከጎማው ጋ በ5 ወይም በ6 ብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎኑን ስታጠብቅ ፕላስቲኩን ትጨምቀዋለህ፣ ብረት ቢሆን እንደተጨመቀ መልሶ ይገፋ ነበር፣ ፕላስቲክ ግን ቀስ እያለ ይሸሻል። ማታ ጥርቅም አድርገህ ያሰርከው ብሎን ማንም ሳይነካው ጠዋት ላላ ብሎ ታገኘዋለህ። አንዴ ከላላ በኋላ ፑሌጃውን የሚነዳው መጨመቁ መሆኑ ቀርቶ የብሎኑ ጎን ይሆናል፣ ስትጨምር ወደዚህ ፍሬን ስትይዝ ወደዚያ ቋ ቋ እያለ ቀዳዳውን ይቀጠቅጠዋል፣ ክቡ ቀዳዳ እንቁላል ይሆናል፣ ፑሌጃው ከመሃል ይወጣል፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ቺንጋው አንዴ ይወጠራል አንዴ ይረግባል። ፍሬን የያዝከው በረገበበት ሰዓት ከሆነ አለቀ፣ ጠርርር።

ለማረጋገጥ ጎማውን ከመሬት አንሳና በእጅህ ቀስ ብለህ አንድ ሙሉ ዙር አዙር፣ በሌላው እጅህ ሁለት ጣት ቺንጋው ላይ አድርግ። በአንድ ዙር ውስጥ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ቦታ ካለው የቺንጋ ጉዳይ አይደለም። ካልተሰማህ ሞተሩ እንዳይዞር ያዝና ጎማውን ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ አድርግ፣ ፑሌጃው ቆሞ ጎማው ብቻውን ትንሽ ከሄደ ቀዳዳዎቹ ሞተዋል።

ባለፈው ሰመር አንድ ልጅ መጣ፣ አንድ ሞተር ብቻ ያለው ቦርድ፣ ቁልቁለት ላይ ቺንጋው ዘሎ ፍሬን አጥቶ ሳር ላይ ዘሎ ነው የተረፈው፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከ6 ብሎን ሁለቱ የሉም፣ የት እንደወደቁም አያውቅም፣ የቀሩት ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ እርሳስ አስገብቼ አሳየሁት። "ቺንጋውን በየቀኑ ነበር የማጠብቀው" አለኝ። ልብ በል፣ በዚህ ቦርድ ላይ ፍሬንህ ቺንጋው ነው፣ ሌላ ፍሬን የለህም! አንድ ሞተር ብቻ ካለህና የቤት ፑሌጃ ካሰርክ ቁልቁለት ላይ በእግርህ ፍሬን መያዝ ተለማመድ።

ሌላው ደግሞ ብሎኑ እንዳይላላ ብሎ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ በተሰራ ፑሌጃ ላይ ሞልቶት መጣ። ያ ሙጫ ለብረት ነው የተሰራው፣ ብረት ከብረት ጋ ካልተገናኘና አየር ካልተዘጋበት በደንብ አይደርቅም፣ ያልደረቀው ፈሳሽ ደግሞ ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቃል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆረሰ።

እኔም ብሆን ይሄን ለማወቅ ሦስት ፑሌጃና የግራ ክርኔን ቆዳ ከፍያለሁ።

ማስተካከያው የጥቂት ዶላር ነገር ነው። ብሎኑ በልኩ የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ግዛ፣ የሆቢ እቃ የሚሸጡበት አለ። ቀዳዳውን በቱቦው የውጭ ልክ በትራፓኖ አስፋ፣ ፋይሉ እጅህ ላይ ካለ ግን እዛው አስፍተህ እንደገና ፕሪንት ማድረጉ ይሻላል፣ አንዴ እንቁላል የሆነ ቀዳዳ በትራፓኖ መሃሉን አያገኝም። ቱቦውን ከፕላስቲኩ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል አሳጥረህ ቁረጥ፣ በሞረድ ጨርስ፣ በካሊፐር ለካ፣ በአይን አይሆንም። አሁን ብሎኑን ስታጠብቅ ፕላስቲኩ ፀጉር ታህል ተጨምቆ ጭነቱን ነሐሱ ይረከበዋል፣ ነሐስ ደግሞ አይሸሽም። ቱቦው ከፕላስቲኩ ረዝሞ ከወጣ ፑሌጃው ሳይታሰር ይንቀጫቀጫል፣ አንድ ሚሊሜትር ካጠረ ደግሞ ምንም አልሰራህም።

ከብሎኑ ራስ ስር ሰፋ ያለ ሮንዴላ፣ ዳዶው ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ይሁን። ስታስር በአንጻር በአንጻር እየዘለልክ እሰር፣ እንደ መኪና ጎማ። ከቁም ሳጥን ግጣጥም የተረፈ ብሎን አታድርግ፣ አለ ይሄን የሚያደርግ ሰው፣ የብሎኑ ራስ በመጀመሪያው ዙር ተልጦ እኔ ነኝ በትራፓኖ የማወጣው። ከቻልክ ደግሞ ፑሌጃው ራሱ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ይኑረው፣ 22 ሚሊሜትር፣ መሃሉን የሚጠብቀው አልቤሮው (መሃል የሚያልፈው ዘንግ) ይሆናል ብሎኑ ማሰር ብቻ ይቀርለታል። ይሄን ሁሉ ካደረግክ በኋላ ቺንጋውን አላላው፣ ቅድም ያጠበቅከውን። በጣት ስትጫነው ትንሽ እሺ ማለት አለበት።

ፑሌጃው ቅርፁን ስቷል፣ ጥርሱ ተኝቷል

ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። አይ ጥቁሩ ጠንካራ ነው አትበለኝ፣ ፒኤልኤ ነው። 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ሐምሌ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ይሄን ያልፋል። ኡበር የሚሰራ ጓደኛዬ ቦርዱን ከኋላ መስታወት ስር አስቀምጦ እየዋለ ነበር፣ ቺንጋው በተወጠረበት በኩል ፑሌጃው ውስጥ ገብቶ ታትሞበታል፣ እንደ ሊጥ። ሞተሩም ይሞቃል፣ ቬስክ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሰርኪት) ሴቲንጉን ካልነካኸው የሞተሩን ኃይል መቀነስ የሚጀምረው 85 ዲግሪ ላይ ነው፣ ያውም የሙቀት ሴንሰር ካለው፣ እዛ ሲደርስ ፒኤልኤው ድሮ አልቆለታል። ፔትጂ እስከ 75 አካባቢ ይችላል፣ ለጎማው ፑሌጃ ይበቃል። ኤቢኤስ 100 አካባቢ ይደርሳል ግን ፕሪንተርህ ሽፋን ከሌለው ይሰነጠቅብሃል። ናይለን ከሁሉም ይሻላል፣ ነገር ግን እርጥበት እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ፕሪንት ስታደርግ ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ ከሰማህ አቁም፣ ፊላመንቱን (የፕሪንተሩን የፕላስቲክ ክር) 70 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን አድርቀው። "ናይለን" ተብሎ ተሽጦ ክብሪት ሳስጠጋው ሌላ ነገር የሆነ ፑሌጃም አይቻለሁ፣ ማን እንደሸጠው አልናገርም ሌባ ግን ነው።

የጎኑ ክንፍ ተላጠ

ቺንጋው እንዳይወጣ የሚጠብቀው ቀጭን ክንፍ ማለቴ ነው። ፑሌጃውን አስተኝተህ ነው ፕሪንት የምታደርገው፣ ልክ ነህ፣ ለጥርሱ የሚሻለው እሱ ነው፣ ክንፉን ግን ቺንጋው ወደ ጎን ሲገፋው ሌየር ከሌየር ይለያያል። ሱፐር ግሉ አይሰራም፣ አትሞክር። ክንፉን ለብቻው ቀለበት አድርገህ ስራውና ያው ብሎን አልፎበት ይሰር። ቺንጋው ሁሌ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ግን ሞተሩ ጠሟል፣ ቀለበቱንም ይበላዋል፣ መጀመሪያ ሞተሩን አስተካክል።

ኢንፊል (የውስጥ ሙሌቱን) 100 ፐርሰንት ካላደረግኩ ይሰበራል ወይ ለሚለው፣ አይሰበርም። ዎሉን (የዳር ግድግዳውን ድርብ) 6 አድርግ፣ ጥርሱም የብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም ሙሉ ይሆናል፣ መሃሉ 40 ቢሆን ማንም አያውቅም።

ሌሎች

ጥርስ በእውነት ከተቆረጠ ጠጠር ገብቷል፣ ቺንጋውንም እየው። አዲስ አበባ ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ የአጎቴ ልጅ አለ፣ እሱ መሸፈኛ ካደረገለት ወዲህ ቀርቷል። የሞተር መያዣውን በፕላስቲክ መስራት፦ አታድርግ። በፕላስቲክ የተሰራ የሞተር ፑሌጃ፦ 7 ጥርስና የሞተር ሙቀት አንድ ላይ፣ እሱንም አታድርግ፣ የብረቱ ርካሽ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልዞረ ደግሞ የብረቷን ትንሽ ፑሌጃ የሞተሩ አልቤሮ ላይ የያዘችው ራስ አልባ ብሎን ላልታለች። አውጣት፣ ዘይቱን በአልኮል ጥረግ፣ አልቤሮው ጠፍጣፋ ያለው ከሆነ ጠፍጣፋው ላይ አሳርፋት። ያ ሰማያዊ ሙጫ የሚገባው እዚህ ነው፣ አንድ ጠብታ፣ ከዛ እስኪደርቅ 24 ሰዓት አትንዳው።