ከታተመ ገጽ የተነበበ አማርኛ ሲተረጎም ዓረፍተ ነገሮቹ ይደባለቁ ነበር፤ እንዲህ ተስተካከለ

ችግሩ የታየው ትርጉሙ ላይ ነው፤ መነሻው ግን ንባቡ ነበር። የቆየ መጽሐፍ ገጽ ስካን ተደርጎ ቴሰራክት በተባለው፣ ከምስል ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል ሲነበብ ፊደሉ በአብዛኛው ትክክል ይወጣል፤ የማሽን ተርጓሚው ግን ሙሉውን አንቀጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቆጥረዋል። አራት ነጥብ (።) በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ፣ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ቁጥሩ U+1362። ንባቡ ግን ሁለት ነጥብን (፡፣ U+1361) ደጋግሞ «፡፡» ያወጣል፤ አንዳንዴም የላቲኑን «::»። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን ፈጽሞ የተለያዩ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጥንዶቹ («፡፡» እና «::») ሁሉ በ«።» ይተኩ። ቀጥሎ መስመሮቹ ይያያዙ፦ ቃላትን በሁለት ነጥብ በሚለይ ኅትመት ቃል ያለ ጭረት ተሰብሮ ወደ ታችኛው መስመር ይሻገራል፤ ስለዚህ መስመሩ በ«፡» ወይም በሌላ ሥርዓተ ነጥብ ካላለቀ ቃሉ ገና ይቀጥላል። (በመስመር መጨረሻ ምልክቱን የሚተው ኅትመትም ስላለ ጥቂት ገጾችን አስቀድሞ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።) ነጠላው «፡» በባዶ ቦታ የሚተካው በመጨረሻ ነው። ይህ ከቀደመ የዓረፍተ ነገሩ ማብቂያም የቃሉ ድንበርም አብረው ይጠፋሉ።

ስካኑ በኢንች ከ300 ነጥብ አይነስ፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው።