የጨው ውሃ አኳሪየም ሪአክተርን ስናሻሽል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጨው ውሃ አኳሪየም ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አልጌን የሚያበዛውን ፎስፌት ለመቀነስ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር፣ የውሃውን ቢጫነት ለማጥፋት ደግሞ አክቲቭ ካርበን የሚይዝ፣ ሪአክተር የተባለ ባለ ክዳን ሲሊንደር ይጠቀማሉ። ፓምፑ ውሃውን ከሲሊንደሩ ሥር ያስገባዋል፤ ውሃውም በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ አልፎ ወደ ሳምፑ (ከአኳሪየሙ ሥር ወዳለው የማጣሪያ ታንክ) ይመለሳል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሪአክተሮች እንደተገዙ ሲገጠሙ ለመክፈት አድካሚ ስለሆኑ ባለቤቱ ሥራውን ከሳምንት ወደ ሳምንት ያስተላልፈዋል፤ ፎስፌት መያዝ ያቆመ ጠጠርም ሳይቀየር ይከርማል። ስለዚህ ማንኛውም ማሻሻያ መመዘን ያለበት ክዳኑን በፍጥነትና ውሃ ሳይፈስ ለመክፈት በሚሰጠው እገዛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያመጣው ስህተት በቧንቧው መስመር ላይ የሚፈጸመው ነው። ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጣብቆ የጨረሰ ሰው ሪአክተሩን ለማጠብ በፈለገ ቁጥር ካቢኔው ውስጥ ተጎንብሶ መሥራት ግድ ይሆንበታል። በመግቢያውም ሆነ በመውጫው በኩል የፒቪሲ ቫልቭና በእጅ የሚፈታ ዩኒየን (የቧንቧ ማያያዣ) ቢገጠም ግን ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ ሪአክተሩን እንዳለ ወደ መታጠቢያው መውሰድ ይቻላል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ዩኒየኑ ከቫልቩ ቀጥሎ በሪአክተሩ በኩል መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ዩኒየኑ ሲፈታ ቫልቩ ከሪአክተሩ ጋር አብሮ ይወጣና ከፓምፑ የሚመጣው ቧንቧ ያለ መዝጊያ ይቀራል።

ቫልቮቹ ከተገጠሙ በኋላ ደግሞ ፍሰቱን በመውጫው ቫልቭ መቆጣጠር የተለመደ ነው። መውጫው ሲጠብ የፓምፑ ግፊት በሙሉ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚያርፍ ክዳኑ በኦሪንጉ (በክብ የጎማ ማሸጊያው) በኩል ማንጠባጠብ ይጀምራል። ፍሰቱ በመግቢያው ይመጠን፤ መውጫው ግን በሥራ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ለጥገና ብቻ፣ ያውም መግቢያው ከተዘጋ በኋላ ይዘጋ።

የናስ መገጣጠሚያ መጠቀም ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም። ናስ መዳብ አለበት፤ ከናሱ እየሟሟ የሚወጣው መዳብ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ላዩ ክሮም የተቀባ መገጣጠሚያም ውስጡ ናስ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። የቱቦ ማሰሪያውም ቢሆን ከብረት ይልቅ የናይለን ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ ሪአክተሮች ጠጠሩን ከላይና ከታች የሚይዝ ስፖንጅ አላቸው። ስፖንጁ የጠጠሩን ብናኝና የውሃውን ቆሻሻ ስለሚያጠራቅም ቀስ በቀስ ይደፈንና ፍሰቱን ያዳክማል። በፕላስቲክ ወንፊት መተካቱ ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ ሆኖም ቀዳዳው ከጠጠሩ ከሰፋ ጠጠሩ ወደ ሳምፑ ያመልጣል፣ ከልክ በላይ ከጠበበ ደግሞ እንደ ስፖንጁ ይደፈናል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ጥቂት ጠጠር በወንፊቱ ላይ አፍስሶ መነቅነቅ ያስፈልጋል።

ፍሰቱ ሲዳከም መደፈኑን ከማጽዳት ይልቅ ትልቅ ፓምፕ የሚገዙም አሉ። የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ላይኛው ክፍሉ ብቻ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከተናጠ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ቡናማ ዱቄት ይሆንና ወደ አኳሪየሙ ይገባል። የባዮፔሌት (በሪአክተር ውስጥ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን የፕላስቲክ እንክብል) ነገር ግን የተለየ ነው፤ እንክብሎቹ ሁሉ ሳያቋርጡ ካልተገላበጡ ይጣበቃሉ፣ በመካከላቸውም ኦክስጅን ያልቅና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በአንድ ፓምፕ ሁለቱንም በተከታታይ ማሠራት የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክዳኑን በመፍቻ ማጥበቅም ሲሊንደሩ የተሠራበትን አክሪሊክ (ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ይሰነጥቃል። ኦሪንጉ ንጹሕ ከሆነና ስስ የሲሊኮን ግሪስ ከተቀባ በእጅ ማጥበቁ ይበቃል፤ ቫዝሊን ግን አንዳንዱን የኦሪንግ ጎማ ስለሚያሳብጥ አይመከርም። አክሪሊክን በአልኮል መወልወልም ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣበታል።

የመጨረሻው ስህተት የሚመጣው ማሻሻያው ተሳክቶ ሥራው ቀላል ሲሆን ነው፤ ሲሊንደሩን በአዲስ ጠጠር ጢም አድርጎ መሙላት። ፎስፌት በድንገት ሲወርድ ኮራል፣ በተለይ እንደ አክሮፖራ ያለው፣ ሊነጣና ሊሞት ስለሚችል ከሚመከረው መጠን በግማሽ ጀምሮ ውሃውን እየለኩ መጨመር ይሻላል። በመውጫው ቧንቧ ላይ ከዩኒየኑ በፊት ቫልቭ ያለው ቅርንጫፍ ቢጨመር ደግሞ የአዲሱ ጠጠር የመጀመሪያ እጣቢ ወደ ሳምፑ ሳይገባ እስኪጠራ ድረስ ወደ ባልዲ ይወርዳል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣም በሲሊንደሩ ውስጥ ቆሞ ኦክስጅን ያጣውን ውሃ በዚያው መንገድ አውጥቶ መድፋት ይገባል።