ማጻው ምን አጠፋ? በፋሲካ ማዕድ ቤት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋሲካ፣ በእብራይስጥ ፔሳህ የሚባለው የአይሁድ በዓል፣ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ እዚሁ እስራኤል ያደጉ ወጣት እናቶች ናቸው። ወጥ መሥራቱን ከእናቶቻቸው ተምረዋል። የማጻውን፣ የዚያን ያልቦካ የፋሲካ ቂጣ፣ ነገር ግን ከጎረቤትና ከስልክ ቪዲዮ ነው የለቃቀሙት። ጥያቄያቸው ሁሌ ያው ነው፦ «ማጻው ተበላሸብኝ!»

ማጻው ምንም አላጠፋም። ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው። ዱቄቱን ውሃ ከነካው በኋላ 18 ደቂቃ ሳይሞላ መጋገር አለበት፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠና ጊዜው ካለፈ እንደ ቦካ ይቆጠራል። እርሾ የለውም፣ ዘይት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨው እንኳ የለውም። በስሎና ደርቆ ያለቀለት ነገር ነው። እንደ ጥሬ ዱቄት ልሥራበት ቢሉት እሺ አይልም። እንደ እንጀራ ላርሰው ቢሉትም እሺ አይልም። ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ቶሎም አያቆምም። ብዙው ጥፋት ይህን ከመርሳት ይመጣል።

ካርቶኑን ሳያነቡ መግዛት

ማጻ የተባለ ሁሉ ለፋሲካ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ፣ «ለፔሳህ አይደለም» ተብሎ የተጻፈበት ማጻ አለ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ ካርቶኖቹ ይመሳሰላሉ። «ካሸር ለፔሳህ» (ለፋሲካ የተፈቀደ) የሚለውን ፈልጉ።

በእንቁላል ወይም በፍራፍሬ ጭማቂ የታሸ ማጻም አለ። ይጥማል፣ ልጆች ይወዱታል። ለሴዴር፣ ማለትም በበዓሉ መግቢያ ማታ ለሚቀርበው የሥርዓት ማዕድ፣ ትእዛዝ ግን አይበቃም። በአሽከናዞች (ከአውሮፓ በመጡት አይሁድ) ልማድ ደግሞ በበዓሉ ቀናት ለታመመ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ካልሆነ አይበላም።

«ቂጣውን እኔው እጋግረዋለሁ»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ልባቸው ንጹህ ነው። በጎንደር መንደሮች እናቶቻችን ቂጣውን ምጣድ ላይ ጋግረው ትኩስ ትኩሱን ነበር የሚያቀርቡት። ለስላሳ ነበር። ከካርቶን የሚወጣው ደረቅ ማጻ ለብዙ አዛውንቶች እስከ ዛሬ ባዕድ ነው።

ግን ከሱፐርማርኬት የተገዛ ዱቄት ሌላ ነው። በፋብሪካ ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ብዙ ጊዜ በውሃ ይርሳል። ስለዚህ ዱቄቱ ገና ከከረጢቱ ሳይወጣ ሐሜጽ፣ ማለትም በፋሲካ የተከለከለ የቦካ እህል፣ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ለማጻ የሚሆነው ዱቄት ለብቻው ተጠብቆ የሚፈጭ ነው። መጋገር ካማራችሁ ቄሳችሁን ወይም ረባያችሁን ጠይቁ። ካልሆነ ግን ማጻው ተጋግሮ የተፈጨውን የማጻ ዱቄት ግዙና እሱን ተጠቀሙ።

ሊጡ ቀጠነ ብሎ ዱቄት መጨመር

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ክኔይድላህ ታውቃላችሁ፤ በዶሮ ሾርባ የሚበላው የማጻ ድቡልቡል። ከበዓሉ ምግብ ልጆች ሳይለመኑ የሚበሉት እሱን ነው። ልኩም ከባድ አይደለም፦ 4 እንቁላል፣ 1 ኩባያ የማጻ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ ሾርባ ወይም ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። እንቁላሉን መትታችሁ ሁሉንም ትቀላቅላላችሁ። ቀጭን ይሆናል። እጃችሁም ወዲያው ወደ ዱቄቱ ከረጢት ይሄዳል።

«እትዬ፣ ይሄ እንዴት ሆኖ ነው የሚድቦለቦለው? ፈሳሽ እኮ ነው!»

«ክደኚውና ፍሪጅ አስገቢው፣ ልጄ። ግማሽ ሰዓት ታገሺው።»

እሺ ትለኛለች። ዞር ስል ግማሽ ኩባያ ትጨምራለች! ከዚያም ማታ ትደውላለች። «ድንጋይ ሆነብኝ።» ሌላ ምን ይሁን ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጻ ዱቄት በስሎ የደረቀ ማጻ ሲፈጭ የሚገኝ ነው። የስንዴ ዱቄት እንደሚያዘው ሊጡን አይዝላችሁም፤ የሚይዘው እንቁላሉ ነው። ዱቄቱ ፈሳሹን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የቀጠነ የሚመስላችሁ ገና ስላልጠጣ ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ፍሪጁን ስትከፍቱት ማንኪያ ያቆማል። በጥድፊያ የጨመራችሁት ዱቄት ግን ለድስቱ የተረፈውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣዋል። ድቡልቡሉም እሳት ላይ ሲወጣ የሚነፋበት ነገር አያገኝም። አንድ ቤት ተጋብዤ ሳለ የባለቤቷ ልጅ ክኔይድላህን ከሾርባው አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ኳስ ሲጫወትበት አይቻለሁ። ኳሱ አልተሰነጠቀም። እናቱ አፈረች፣ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልጠጠረ ሌላ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ዱቄት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ብቻ።

ስትድቦለብሉት እጃችሁን ውሃ አስነኩ። ከዋልነት ፍሬ ብዙም አታሳልፉት፤ ሲበስል እጥፍ ይሆናል። እንደ ዳቦ ሊጥ አትጭመቁት፤ ለመያዝ ያህል ብቻ አዙሩት። ሰፊ ድስት ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ አፍሉና እየተራራቀ ይግባ። እሳቱን ቀንሳችሁ ክደኑት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል።

ክዳኑን ደግሞ አትክፈቱት። በየአምስት ደቂቃው ከፍቶ ማየት ምን የሚሉት አመል ነው? እንፋሎቱ ሲወጣ ውጩ ይበስላል፣ መሀሉ ጥሬና ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ክዳኑ የመስታወት ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ካልሆነ ታመኑት።

ማጻውን ለፍርፍር መዘፍዘፍ

የማጻ ፍርፍር የእኛ ሰው ቶሎ የተዋደደው ምግብ ነው። የቂጣ ፍርፍር የሚያውቅ እጅ ማጻንም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ማጻውን በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ከተው ልብስ ሊያጥቡ የሚሄዱ አሉ። ሲመለሱ የሚያገኙት ገንፎ ነው።

ማጻውን በአውራ ጣት ልክ ስበሩት። ወንፊት ላይ አድርጉና ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፤ ወዲያው ይንጠፍጠፍ። ጠርዙ ሲለሰልስ መሀሉ ገና ትንሽ ሲንኮሻኮሽ ትክክል ነው። በርበሬውን በዘይትና በጥቂት ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ቀድማችሁ አቁላሉት፣ ከዚያ ማጻውን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አገላብጡት። በርበሬ ለማይችሉ ልጆች ያንኑ ማጻ በተመታ እንቁላል ለውሳችሁ በቅቤ ጥበሱት። ለ2 ማጻ 2 ወይም 3 እንቁላል ጥሩ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ማጻ ብራይ ሲባል ሰምታችሁት ይሆናል፤ ያው ይሄ ነው።

ጨው አትርሱ! ማጻው የራሱ ጨው የለውም።

ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ

ወላጆች በፍቅር የላኩት በርበሬና ሽሮ ቁምሳጥን ውስጥ አለ። መዓዛው ቤቱን ያውዳል። ግን የተፈጨው የት ነው? በርበሬው በወረደበት ወፍጮ ከእሱ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሽሮው ውስጥስ ምን እንደገባ በምን ታውቃላችሁ? የፋሲካ ማኅተም ካለው ቅመም ቤት ግዙ፤ ወይም ዛላውን ለቅማችሁ ለፋሲካ በተዘጋጀ መፍጫ ቤታችሁ ፍጩት።

ሽምብራ፣ ምስርና ሩዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ኪትኒዮት ይባላሉ። አሽከናዞች በፋሲካ አይበሏቸውም፤ ከሰፋርዲዎች (ዘራቸው ከስፔን ከሆነው አይሁድ) ብዙዎቹ ይበላሉ። ልጆቻችሁ ካገቡ ወዲህ ገበታው ላይ ሁለቱም ዓይነት ሰው ሊኖር ይችላል። አማቾቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አያትን ሳይጠይቁ አይብ መደርደር

ማጻ ላዛኛ ቀላልና የሚያጠግብ ነው። ማጻው ለአንድ ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፣ ፎጣ ላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ በስጎና በአይብ ይነባበራል። ልጆች ሳህናቸውን ይልሳሉ። አያት ግን አይነኩትም።

ለምን? በቤተ እስራኤል የቆየ ሥርዓት በፋሲካ የተከለከለው የቦካ እህል ብቻ አልነበረም። እርጎና አይብም የረጋ፣ የቦካ ነው ተብሎ ይቀር ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው ይበላል፤ ልማዳቸውን የጠበቁ አዛውንት ግን አሉ። አንዲት እናት በስድስተኛው ቀን ነበር የነገረችኝ፦ አማቷ ሳምንቱን ሙሉ በማጻና በድንች ማለፋቸውን ማንም ልብ አላለም። ሴትየዋ ማስቸገር ስላልፈለጉ ዝም ብለው ነበር። እባካችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ምን ይበላሉ፣ እማዬ?» ለማለት ምን ይከብዳል? ለሳቸው በሥጋ ሥሩላቸው። ሰፋርዲዎች ሚና የሚሉት ከቱርክና ከግሪክ የመጣ ምግብ አለ፤ በማጻ ንብብር መሀል የተቁላላ የተፈጨ ሥጋ ይገባና ላዩ በእንቁላል ይቀባል፣ በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይጋገራል።

ያው በካሸር ሕግ ሥጋ ካለበት ቅቤ የለም። ይህን መናገር አይጠበቅብኝም፤ ግን ሚናውን በንጥር ቅቤ የቀባች ሰው ገጥማኛለች።

እንግዳ ስትጠሩም እንዲሁ። አንዳንድ ሐሲዲም (ሥርዓት አጥባቂ አይሁድ) ማጻቸውን ጨርሶ ፈሳሽ አያስነኩም፤ ሾርባ ውስጥ የገባ ማጻ አይበሉም። ክኔይድላህ ሠርታችሁ ብትጠብቋቸው ጾማቸውን ይሄዳሉ።

የማጻ ፒዛ ከስጎው ጋር አብሮ ሲያድር

ስጎውን ቀድሞ ቀብቶ ማስቀመጥ ማጻውን ያላሽቀዋል። ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡት፣ ወዲያው ኦቨን ይግባ። ስጎው ወፈር ይበል፣ ከሥሩ ቀጭን የዘይት ቅብ ይኑረው። በ200 ዲግሪ አይቡ እስኪቀልጥ ብቻ ነው የሚቆየው።

ልጅን ከትኩስ ካራሜል አጠገብ ማቆም

ማጻ በካራሜልና በቸኮሌት የሚሠራው ጣፋጭ ከልጆች ጋር የሚሠራ ነው ተብሎ ይወራል። ግማሹ እውነት ነው። 200 ግራም ቅቤና 200 ግራም ቡናማ ስኳር አብረው 3 ደቂቃ ይፈላሉ፤ በወረቀት በተሸፈነ ትሪ ላይ የተደረደረ ማጻ ላይ ይፈስሳሉ፤ በ175 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እስከዚህ ድረስ ልጅ ማዕድ ቤት አይግባ! የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በቀላሉም አይታጠብም። ትሪው ወጥቶ ቸኮሌቱ ተበትኖ ከቀለጠና ከቀዘቀዘ በኋላ ኮኮናት መነስነሱ፣ መስበሩ፣ እየሰረቁ መብላቱ የእነሱ ሥራ ነው።

ለሕፃናት ደረቅ ማጻ ቆርሳችሁ አትስጡ። ስብርባሪው ስለታም ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሾርባ ውስጥ አልሟችሁ አብሏቸው። በሴዴሩ የሚቀርበውን የሀሮሴት (የፍራፍሬ ድብልቅ) ለውዝም አድቅቁት።

የሴዴሩን ማጻ ማብሰል

ሦስት ሙሉ ማጻ ለሴዴሩ ይቀመጣል። መሀለኛው ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ ክፋይ አፊኮማን ሆኖ ይደበቃል፣ ልጆች ይፈልጉታል። ሙሉ የሆነ ማጻ ከጠፋ ችግር ነው፤ በካርቶን ውስጥ ተሰባብሮ የሚመጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ ደህና ደህናዎቹን ለዩና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ለፍርፍርና ለዱቄት የተሰባበረውን ተጠቀሙ።

ሳምንቱን ሙሉ ማጻ በማጻ ላይ

እስራኤል ውስጥ በዓሉ 7 ቀን ነው፣ ውጭ ላላችሁት 8። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ፒዛ፣ ማታ ላዛኛ ከሆነ የልጆቹ ሆድ ይደርቃል። ውሃ አጠጧቸው፣ ድንች ቀቅሉ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ አብዙ። ዶሮ ወጥ ያለ ማጻም በድንች ይበላል።

የተከፈተ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ መተው

ማጻ ቶሎ አይሻግትም፣ ግን የአየሩን እርጥበት ይስብና ይለሰልሳል። አሽዶድና ናታንያ ባሕር ዳር ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት። ከለሰለሰ በ180 ዲግሪ ኦቨን ለጥቂት ደቂቃ መልሱት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይንኮሻኮሻል። ከበዓሉ የተረፈውን ፍጩና ሽኒትዘል፣ ማለትም የሚጠበሰውን ስስ የዶሮ ሥጋ፣ አልብሱበት።