ከባዱ ጥያቄ የሚደበቀው አንዷ ቃል ውስጥ ነው

ለቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ለምትዘጋጁ፦ መጨረሻ አካባቢ የሚመጡት ከባድ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የምታውቁትን ነገር ነው። ወጥመዱ ገላጭ ቃሏ ላይ ነው። ተራራን ውሰዱ። «ከባሕር ጠለል በላይ ከፍተኛው» ከተባለ ኤቨረስት ነው፣ 8,849 ሜትር። «ከሥሩ እስከ ጫፉ» ከተባለ ግን የሃዋዩ ማውና ኬያ ይሆናል፤ ከግማሽ በላዩ ውቅያኖስ ውስጥ ተደብቆ ነው እንጂ ከ10,000 ሜትር ያልፋል። «ከመሬት እምብርት በጣም የራቀው ጫፍ» ሲሉ ደግሞ የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ነው፣ ምድር ወገቧ ላይ ስለምታብጥ። አንድ ርዕስ፣ ሦስት መልስ!

ስለዚህ የሳታችሁትን ጥያቄ ካርድ ላይ ስትጽፉ መልሱን ብቻ አትጻፉ። ቃሏ ብትቀየር የሚመጣውን መልስም ከጀርባው አስፍሩ። እንዲህ ያሉ 20 ካርዶች ከ200 ደረቅ ሽምደዳ ይሻላሉ።

የተመልካች ድምፅ የሚባለውን እርዳታ (አዳራሹ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች መልስ የሚመርጡላችሁን) ለከባድ ጥያቄ አታስቀምጡት። «በጣም ሞቃቷ ፕላኔት» ሲባል ብዙ ሰው ለፀሐይ ቅርብ ናት ብሎ ሜርኩሪን ይመርጣል። ትክክሏ ቬነስ ናት፤ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ሲሳሳት በጣም እርግጠኛ ይመስላል።

በሌላው እርዳታ መልስ ለመጠየቅ ለወዳጅ ስትደውሉ ሰላምታውን ትታችሁ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡለት፤ አሳጥሮ መናገር ያቺኑ ቁልፍ ቃል ያስጥላል።